ቁሙ የሚል መንገድ፣ የማይቆም መኪና

ከሱ ፎልስ ተነስቶ በኢንተርስቴት 90 ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ከተማውን ለቆ ብዙም ሳይርቅ ታፔላ ይጀምረዋል። በረዶ የገባበት ውሃ በነፃ። አለፍ ሲል፣ ቡና በ5 ሳንቲም። ከዚያ ዳይኖሰር፣ ከዚያ ዶናት፣ ከዚያ ደግሞ ያው ውሃ። ሁሉም የሚጣሩት ለአንድ ሱቅ ነው። ሱቁ ዎል የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው ያለው፤ ዎል ለመድረስ ደግሞ ገና 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ደሴ ያለ ሻይ ቤት አዲስ አበባ መውጫ ላይ ታፔላ ተክሎ፣ እስከ ደሴ ድረስ በየኮረብታው እየደጋገመ ቢጣራ እንደ ማለት ነው።

«ታፔላ የሚያበዛ ሰው ዕቃው አይረባም» ይላል አባት፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሳያነሳ። ሳውዝ ዳኮታ በዚህ መንገድ በሰዓት 80 ማይል፣ ወደ 129 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ ትፈቅዳለች። አባት የተፈቀደለትን አያባክንም።

እናት ቡናው ላይ ቀርታለች። «በ5 ሳንቲም? ስኒውን ለብቻ ያስከፍሉ ይሆናል እንጂ።»

ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ አይናገርም። እጁ ላይ በክፍለ ግዛቱ ውስጥ የግድ መታየት ያለባቸው ቦታዎች የተጻፉበት ወረቀት አለ። ያንን ወረቀት አባቱ ፊት መቼ እንደሚያወጣው ነው የሚያስበው።

ይህ ቤተሰብ ስም የለውም፤ የሱ ፎልስ ሐበሻ ግን ሳያውቀው አይቀርም። ሱ ፎልስ ብዙ ሐበሻ ያለባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሳውዝ ዳኮታ አንድ የስጋ ፋብሪካ ስለተነሳው የኮቪድ ወረርሽኝ ሪፖርት ሲያወጣ፣ የፋብሪካው ሠራተኞች 40 ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፎ ነበር። በብዛት ከሚነገሩት አስሩ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ኩናማ አሉበት።

እንዲህ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ዕረፍት ሲያገኝ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ሚኒያፖሊስ ለሠርግ፣ ዴንቨር ለክርስትና፣ ዋሽንግተን ለለቅሶ። የሐበሻ ረጅም ጉዞ መጨረሻው ሰው ቤት ነው። በር ተከፍቶ፣ ተሳስሞ፣ «ምነው ከሳችሁ» ተብሎ ነው የሚያልቀው። መሀል ላይ ያለው አገር በመስኮት ያልፋል። መኪና የሚቆመው ለነዳጅ ነው፤ ሽንትም ቢሆን ነዳጁን ጠብቆ ነው። ምግቡ እንደሆነ ከቤት ተጭኗል፦ ዳቦ ቆሎ፣ የድርቆሽ ፍርፍር፣ በፔርሙዝ ሻይ። ለመብላት እንኳ የሚያስቆም ምክንያት የለም።

ስለዚህ ልጁ «ዘንድሮ ወደ ምዕራብ እንሂድ» ብሎ ሲያመጣው እናት የጠየቀችው ቀላል ጥያቄ ነበር፤ «እዚያ ማን አለን?»

ማንም የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ሰው የሌለበት አገር ደግሞ ጭራሽ አገር መሆኑም ያጠራጥራል። የሆነ ሆኖ ልጅ ሲያለቅስ ማየት ከብዷቸው ተነሱ። ሳይታወቃቸው የኖሩበት ክፍለ ግዛት ግን አላፊ አግዳሚን በማስቆም ጥበብ የተካነ ነው።

መጀመሪያ ያስቆመቻቸው ሚቸል ናት። ሚቸል የበቆሎ ቤተ መንግሥት አላት። የመጀመሪያው በ1892 ተሠራ፤ «አፈራችን ለም ነው፣ ኑና ስፈሩ» ለማለት ነበር። አሁን የቆመው ሕንፃ የ1921 ነው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ሥዕል ሁሉ በቀለም አልተቀባም፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር በቆሎ ከነቆረቆንዳው ለሁለት እየተሰነጠቀ በሚስማር ተመትቶበት ነው። በየዓመቱ ይነቀልና ሌላ ሥዕል ይሠራበታል። ወፎች ይህን ቤተ መንግሥት በጣም ይወዱታል።

እናት ተጠግታ በጥፍሯ ፈለፈለችው። እውነተኛ ነው። «ስንት ንፍሮ ይወጣዋል!» አለች፤ ሐዘን ያለበት ድምፅ ነበር። አባት በቆሎ አብቃይ አገር ያደገ ሰው ነው፣ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ገባ። ውስጡ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ወጥቶ ሰዓቱን አየ። እውነቱን ለመናገር ይህ የአሥር ደቂቃ ቦታ ነው፤ ፈንዲሻ ለሚገዛ ሰው ሩብ ሰዓት።

ከሚቸል በኋላ ሜዳ ነው። ሜዳው አልቆ ሚዙሪ ወንዝ ሲመጣ፣ ቻምበርሊን አጠገብ ባለው ማረፊያ ኮረብታ ላይ 15 ሜትር የምትረዝም የብረት ሴት ቆማለች። ዲግኒቲ ትባላለች፤ ዴል ላምፊር የሚባል የዚያው አገር ቀራፂ የሠራትና በ2016 የቆመች ናት። የዳኮታና የላኮታ ሕዝቦችን ለማክበር ነው የተሠራችው። ከኋላዋ የከዋክብት ጥልፍ ያለበትን ብርድ ልብስ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች። እናት ሌላ ቦታ ያላየችውን ያህል ቆማ አየቻት። «ልብሱን አያያዟን አየህ? ቤት ያላት ሴት ናት» አለች። አባት ሞተሩን አላጠፋም ነበር።

ከመርዶ ከተማ አለፍ ሲባል ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ክፍለ ግዛቷ በሁለት የሰዓት ቀጠና የተከፈለች ናት። ልጁ «አንድ ሰዓት አተረፍን» ሲል አባት የመጀመሪያውን ደስታ አሳየ። የእናት የእጅ ሰዓት ግን ከኢትዮጵያ ነቅሎ አያውቅም። እህቷ ጋ የምትደውለው በሱ ነው። በበጋ ስምንት ሰዓት የነበረው ልዩነት ዘጠኝ ሆነ ሲሏት «ደግሞ ራቅን ማለት ነው» አለች።

ከዚህ በኋላ ያለው መሬት ከብት ይግጥበታል፣ ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አልነበረም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በምዕራብ ሳውዝ ዳኮታ ሣር ሥር 150 ሚኒትማን የኑክሌር ሚሳይሎች ተቀብረው ነበር። ከብት አርቢው በላያቸው ላሙን ይነዳል፤ ከመሬት በታች ሁለት ሁለት መኮንኖች ቁልፍ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። በ1991 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያ ቅነሳ ስምምነት ከፈረሙ በኋላ ሚሳይሎቹ ተነሱ። ለትውልድ ይታይ ተብሎ የቀረው አንድ ጉድጓድና አንድ የማዘዣ ክፍል ነው። ጉድጓዱን በመስታወት አጎንብሶ ማየት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማዘዣ ክፍሉ ግን ጠባብ ስለሆነ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ልጁ ይዞ ነበር። ወረቀቱ የወጣው እዚህ ላይ ነው።

በአሳንሰር ወደ ታች ሲወርዱ የሚያገኙት በር ብረትና ኮንክሪት ነው፣ ክብደቱ በቶን የሚቆጠር። በሩ ላይ ተራ ጠባቂዎቹ በዘመናቸው የሳሉት ሥዕል አለ፦ የፒዛ ካርቶን። በፒዛ ቤት ማስታወቂያ ላይ እየቀለዱ፣ ወደ የትኛውም የዓለም ክፍል በ30 ደቂቃ እናደርሳለን የሚል ቃል ጽፈውበታል።

አባት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠው። ልጁ ምን ሆነህ ቢለው፣ «ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ ኪየቭ ይማር ነበር» አለ። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። ፒዛው የሚደርሰው እነሱም ጋ ነበር። ሰው የለንም ያሉበት አገር እንዲህ በጎን በኩል ዘመድ ሲያወጣ ይገርማል። አባት ከዚያ በኋላ መኪናውን ሲያስነሳ ቀስ ብሎ ነው።

ቀስ ማለቱ ጠቀመ፤ ምክንያቱም ባድላንድስ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ሣሩ ዝም ብሎ ይሄድ ይሄድና ድንገት መሬቱ ይቆረጣል። ከሥር የሾለ፣ የተሰነጠቀ፣ እንደ ቀሚስ ጥለት ንብርብሩ የሚቆጠር ገደል ማለቂያ የለውም፤ አመድማ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ የጡብ ቀለም። ላኮታዎች መጥፎ ምድር ብለውታል፤ የእንስሳ ፀጉራም ቆዳ የሚነግዱ ፈረንሳዮችም አቋርጠው ለመሄድ ሲሞክሩ ያሉት ያንኑ ነው። ቦታው ከ1978 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ለአንድ መኪና መግቢያው 30 ዶላር ነው።

ሌላው ቱሪስት ስልኩን አውጥቶ ይተነፍሳል። አባት ግን መከላከያ አጥሩን ተደግፎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ልክ እንደ ግብርና ሠራተኛ ቁልቁል ተመለከተ።

«ይሄ እኮ ቦረቦር ነው» አለ።

«ባባ፣ ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አፈሩ ታጥቦ አልቋል። እርከን የለ፣ ክትር የለ። እኛ በየዓመቱ በዘመቻ እየወጣን ይሄን ስንደፍን ነው ያደግነው። እነዚህ 30 ዶላር ያስከፍሉበታል።»

አባትን ማረም አይቻልም፤ በሳይንሱ ትክክል ነው። ባድላንድስ የተሠራው በመሸርሸር ነው፣ የሚያልቀውም በመሸርሸር ነው። በዓመት በአማካይ አንድ ኢንች፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይታጠባል። በዚህ አያያዙ በ500,000 ዓመት ውስጥ ጠፍጣፋ ይሆናል ብለው የፓርኩ ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ። ልዩነቱ እነሱ እንዲታጠብ መተዋቸው ነው። የታጠበው አፈር ከሥሩ የሚያወጣው ነገር አለውና። በ2010 አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ብዙም ሳትርቅ ስትዞር አጥንት አየች። ለሬንጀሮቹ ነገረች። ሲቆፈር በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው፣ የክራንቻው ጥርስ እንደ ጎራዴ የረዘመ የድመት መሰል አውሬ የራስ ቅል ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰማው ልጅ ከዚያ በኋላ አቀርቅሮ ነው የሄደው። ከገደሉ የራቀው እናቱ ኮሌታውን ይዛ ስለነበር ነው።

ሁለት ሰዓት ቆዩ። አባት ሰዓቱን አላየም። ይህ ከወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ለሚባል ሰው መልስ ይሆናል።

የባድላንድስ መንገድ ዞሮ ዞሮ የሚያወጣው ዎል ነው፤ ያ ከጠዋት ጀምሮ ሲጣራ የዋለው ሱቅ። ታሪኩ ግን ከታፔላው ይሻላል። ቴድና ዶረቲ ሀስቴድ የሚባሉ ባልና ሚስት በ1931 እዚህ መድኃኒት ቤት ገዙ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፣ አገሩ ድርቅ ነው፣ ገዢ የለም። ገበያ እስኪቀና የሰጡት አምስት ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በ1936 በጋ፣ ዶረቲ ልጆቿን ይዛ ልትተኛ ብትሞክር በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ድምፅ አላስተኛት አለ። ያን ጊዜ አሰበች፦ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ሐሩር የሚፈልገው ምንድነው? ቀዝቃዛ ውሃ። ውሃ አለን፣ በረዶ አለን፣ ለምን አንጠራቸውም? ባል ታፔላ ሊተክል ወጣ፤ ተክሎ ሳይመለስ ሰው ሱቁን ሞልቶት ጠበቀው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት ዎል ላይ አይሠራም። ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት ከተማ ውስጥ ያለው ይህ ሱቅ ዛሬ ሰፈር ያህላል። ቦት ጫማ ይሸጣል፣ መጽሐፍ ይሸጣል፣ የሚያገሳ ዳይኖሰር አለው፣ ለመንገደኛ የሚሆን የጸሎት ቤት ሳይቀር አለው። እናት ሱቅ መሀል ጸሎት ቤት ማግኘቷ ግራ አጋብቷት ለሁሉም ይሁን ብላ አማተበች። ቡናው በርግጥ 5 ሳንቲም ነው። ቀመሰችው። «ለአምስት ሳንቲሙ አይከፋም» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ውሃውም በነፃ ነው። ሲወጡ ግን አባት ኮፍያ አድርጓል፣ ልጁ የላስቲክ ቀስት ይዟል፣ እናት ደግሞ ለአዲስ አበባ የሚላክ ሦስት ሹራብ። የነፃ ውሃ እንዴት እንደሚያዋጣ የገባቸው መኪናው ውስጥ ደረሰኙን ሲያነቡ ነው።

የአራት ፕሬዚዳንቶች ፊት የተቀረጸበት ተራራ፣ ማውንት ራሽሞር፣ በማግስቱ ነው። ሰው ሁሉ በፎቶ አይቶታል፣ ስለዚህ ሲደርሱ «አነሰ» ይላሉ፤ አባትም አለ። የእያንዳንዱ ፊት ርዝመት 18 ሜትር መሆኑ ሲነገረው አፍንጫውን በዓይኑ ለካ። ከ1927 እስከ 1941 ወደ 400 የሚጠጉ ሠራተኞች ናቸው የሠሩት፣ አብዛኛውን ድንጋይ ያነሱት በድማሚት ነው። ጄፈርሰንን መጀመሪያ የቀረጹት በዋሽንግተን በሌላኛው ጎን ነበር፤ ድንጋዩ አልይዝ አለ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል ሥራ በኋላ የፕሬዚዳንቱን ፊት በድማሚት አፈንድተው በዚህኛው በኩል እንደገና ጀመሩ።

ሐሳቡ የመነጨው ግን ከአርበኝነት አልነበረም። በ1923 የክፍለ ግዛቱ የታሪክ ጸሐፊ ዶን ሮቢንሰን ተራራ ላይ የጀግኖች ምስል ይቀረጽ ሲል ዓላማው ቱሪስት ማምጣት ነበር። እነ ዋሽንግተንን የመረጠው ቀራፂው ጋትዞን ቦርግለም ነው። ስለዚህ ነገሩ ሲጠና የሀስቴድ ባልና ሚስት ከጣውላ የሠሩትን እነ ሮቢንሰን ከግራናይት ነው ያሠሩት። ታፔላ ነው፤ አራት ፊት ያለው ታፔላ።

የተተከለበት መሬት ደግሞ የክርክር መሬት ነው። የ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ይህን ብላክ ሂልስ የሚባል ተራራማ አገር ለላኮታዎች ሰጥቶ ነበር፤ ወርቅ ሲገኝ ተወሰደ። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሣ ይገባቸዋል ብሎ ፈረደ። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ወለዱ ተጨምሮ ዛሬ ከቢሊዮን አልፏል። አልወሰዱትም። መሬቱን ነው የምንፈልገው አሉ፤ ገንዘቡ መንግሥት ዘንድ ተቀምጧል። ይህን አባት ሲሰማ ለምን እንዳልወሰዱት እንደ ሌላው ጎብኚ አልጠየቀም። «ርስት ነዋ» አለ፣ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ክሬዚ ሆርስ የተባለው የላኮታ ጀግና ከነፈረሱ ከተራራ የሚቀረጽበት ቦታ አለ፤ የላኮታው አለቃ ሄንሪ ስታንዲንግ ቤር «ነጮቹ ቀይ ሰውም ጀግና እንዳለው ይወቁ» ብሎ ያስጀመረው ሥራ ነው። ኮርቻክ ዚዮልኮቭስኪ በ1948 ጀመረ፣ በ1982 ሞተ፣ ፊቱ በ1998 አለቀ፣ ቤተሰቡ ቀጥሏል፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ አይቀበሉም። ፈረሱ ገና ነው። እናት «አይዟቸው» አለች።

አይረን ማውንቴን የሚባለው መንገድ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። 27 ኪሎ ሜትር ውስጥ 314 ጥምዝ። የቀየሰው ፒተር ኖርቤክ፣ የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ በኋላም ሴናተር የነበረ፣ ሰው እንዳይፈጥን ሆን ብሎ ነው ያጣመመው። መንገዱ ላይ ካሉት ዋሻዎች ውስጥ ሲገቡ ከመውጫው ጫፍ እነ ዋሽንግተን እንደ ፎቶ በፍሬም ውስጥ ይታያሉ። አባት ሊማሊሞን በአይሱዙ የወጣ ሰው ነው፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጉ ደረሰው። መሪውን በአንድ እጅ ያዘ። እናት ሁለት እጅ እስኪሆን ድረስ ማርያምን መጥራት አላቋረጠችም።

በዚሁ አካባቢ የብላክ ኤልክ ጫፍ አለ። መመሪያው በኩራት ይናገራል፦ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ በአሜሪካ ከሱ የሚበልጥ ከፍታ የለም፣ ከዚህ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው እኩያውን የሚያገኘው አውሮፓ ፒሬኒስ ላይ ነው። ከፍታው 2,200 ሜትር ከትንሽ ነው። ልጁ ለመውጣት ጓጓ። አባት ቁጥሩን ሁለቴ ጠይቆ አረጋገጠ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ በላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው ያደግሁት» አለና መውጣቱ ቀረ።

የቀረው ከስተር ስቴት ፓርክ ነው። ከሺህ በላይ ጎሽ አለበት፤ ጎሹ መንገድ ዘግቶ ሲቆም ሹፌር ሁሉ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፣ አባትም ጭምር። ከጎሹ አለፍ ሲባል መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሰዎች በመስኮት ካሮት ያወጣሉ። ልጆች ይጮሃሉ። እናት አንገቷን አስግጋ አየች።

አህያ ነው።

የዱር አይደለም፣ የሜዳ አህያም አይደለም። ተራ፣ አመድማ፣ ጆሮው ጠልጠል ያለ አህያ። የነዚህ አያቶች ድሮ ቱሪስት ተጭነው ወደ ብላክ ኤልክ ጫፍ ያወጡ ነበር። ያ ሥራ ሲቀር ተለቀቁ። ልጅ ልጆቻቸው ሥራ አይሠሩም፤ መኪና ያስቆማሉ፣ በመስኮት ራሳቸውን አስገብተው ይለምናሉ። «ለማኞቹ አህዮች» ነው የሚሏቸው።

አንዱ ወደ እናት መስኮት መጣ። ጭንቅላቱን አስገባ። እናት ወደ ኋላ አላለችም፤ ከግንባሩ ላይ አቧራውን ጠረገችለት። «አንተ ዕድለኛ» አለችው፣ «ጭነት የለ፣ ዱላ የለ፣ ጅብ የለ።» አህያ ማር አይጥማትም ቢባልም ዳቦ ቆሎው ጥሞት ሳይሆን አይቀርም፣ ፌስታሉን ሊወስድ ነበር። ልጁ ፎቶ አነሳ።

ያን ጊዜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከምሽቱ አምስት። እናት ከትናንት ጀምሮ ለእህቷ ፎቶ ስትልክ ነበር፦ የበቆሎውን፣ ገደሉን፣ አራቱን ፕሬዚዳንቶች። አንዱም መልስ አልመጣለትም። አህያውን ላከች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«አልተኛሽም እንዴ?»

«ተኝቼ ነበር። ይሄ አህያ የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«ምን ይሠራል?»

«ምንም። ይለምናል።»

ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝምታ ሆነ። «በስንት ሰዓት መንገድ ነው የሄዳችሁት?»

«ከቤት ስድስት ሰዓት ያህል። ከዚያ ደግሞ መቆሙ አለ።»

«ደግሞ አንዱን ላኪልኝ» አለች እህት፣ «እዚህ ጎረቤት አያምነኝም።»